ለአትክልት የሚበጀውን የአፈር ፈንገስ መምረጥ፦ ማይኮራይዛ፣ ትራይኮደርማና ሌሎች ሲነጻጸሩ

ፈንገስ ሲባል የብዙ አትክልት አምራች ሐሳብ ፈጥኖ ወደ በሽታ ይሄዳል፤ የቲማቲሙን ቅጠል ወደሚያደርቀው፣ የችግኙን አንገት ወደሚያበሰብሰው፣ የሽንኩርቱን ራስ ወደሚያሻግተው። በአፈር ውስጥ ከሚኖሩት የፈንገስ ዓይነቶች መካከል ግን ተክል የሚያጠቁት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት የሞተ ነገር አበስብሰው ይኖራሉ፣ ወይም ከተክል ሥር ጋር ተጣምረው ለራሳቸው እየተመገቡ ተክሉን ይጠቅማሉ። ከእነዚህ ረዳቶች መካከል የተወሰኑት ዛሬ ተባዝተው በዱቄት፣ በጥራጥሬ ወይም በፈሳሽ መልክ ታሽገው ይሸጣሉ። ለገዢው አስቸጋሪ የሚሆነው በማሸጊያዎቹ ላይ የሚጻፈው ተስፋ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ሁሉም ሥር እንደሚያጠነክሩና ምርት እንደሚጨምሩ ይናገራሉ። በውስጣቸው ያሉት ፍጥረታት ግን በዝምድናም በሥራም እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ፣ ለአንዱ ማሳ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ከተራ ዱቄት የተለየ ጥቅም ላይሰጥ ይችላል።

ምርጫው የሚስተካከለው ሦስት ነገሮች አስቀድመው ሲታወቁ ነው፦ የሚተከለው ሰብል ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ተክሉን የሚያቀጭጨው ምን እንደሆነ፣ ፈንገሱም ሥሩ ዘንድ በየትኛው ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል። እነዚህ ሳይታወቁ የሚደረግ ግዢ በግምት የሚደረግ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም በእነርሱ ቅደም ተከተል የተሠራ ነው።

ሰብሉ ራሱ የሚዘጋው በር

የመጀመሪያው ማጣሪያ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ከአብዛኞቹ የየብስ ተክሎች ጋር ቢጣመርም፣ ሁለት ትላልቅ የአትክልት ቤተሰቦች አይቀበሉትም። አንደኛው የጎመን ቤተሰብ ነው፤ በውስጡም የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ የአበባ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ራዲሽና ሰናፍጭ ይገኛሉ። ሁለተኛው ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ስፒናች ያሉበት ቤተሰብ ነው። የእነዚህ ተክሎች ሥር ከዚህ ፈንገስ ጋር የሚያጣምረውን ሥርዓት በዘር ሐረጉ ጉዞ ያጣ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ጥራት ያለው ማይኮራይዛ ቢጨመርላቸው ፈንገሱ የሚሰፍርበት ቤት አያገኝም። ለጎመን መደብ ማይኮራይዛ መግዛት ገንዘብን አፈር ውስጥ መቅበር ነው።

ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ደበርጃን፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ፎሶሊያ፣ አተር፣ ዱባ፣ ኪያር፣ ባሚያና ሰላጣ በተቃራኒው ሁሉም ይቀበሉታል። ይሁን እንጂ መቀበልና መጠቀም አንድ አይደሉም። ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ሥራቸው አጭር፣ ወፍራምና ቅርንጫፉ የሳሳ ከመሆኑም በላይ የሥር ፀጉራቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ የፈንገሱን ክር እንደ ተጨማሪ ሥር ይጠቀሙበታል፤ በዚህም ምክንያት ልዩነቱ በዓይን እስኪታይ ድረስ ይጎላባቸዋል። ቲማቲም ግን የራሱ ሥር በሰፊው ስለሚሰራጭ፣ ፈንገሱ ሥሩ ውስጥ በደንብ ሰፍሮም የተክሉ ቁመት ላይ ብዙ ለውጥ የማይታይበት ጊዜ አለ።

ትራይኮደርማ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ገደብ የለበትም። በሥር ላይና በውጫዊው የሥር ሽፋን ውስጥ ስለሚኖር፣ ጎመንንም ቆስጣንም ቲማቲምንም ያገለግላል። እንግዲህ የአትክልት ቦታው በብዛት ጎመንና ቀይ ሥር የሚተከልበት ከሆነ፣ ከሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች አንዱ ከወዲሁ ወጥቷል።

ማይኮራይዛ፦ የፎስፈረስ አመላላሽ

ማይኮራይዛ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1885 የሰጠው የዛፍ ሥሮችን ያጠና የነበረው ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው፤ ከግሪክኛ ሁለት ቃላት የተሠራ ሲሆን «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው። ጥምረቱ ራሱ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የስኮትላንድ ቅሪተ አካላት ውስጥ፣ ገና እውነተኛ ሥር ባልነበራቸው ተክሎች ሕዋሳት ውስጥ፣ የዚህ ፈንገስ ቅርንጫፎች ተገኝተዋል።

ለአትክልት አምራች የሚያስፈልገው ዓይነት ወደ ሥር ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ዛፍ የሚመስል ቅርንጫፍ የሚያወጣው ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ስሞች ራይዞፋገስ ኢራጉላሪስና ፈነሊፎርሚስ ሞሲያ ይባላሉ፤ የመጀመሪያው በአሮጌ ማሸጊያዎች ላይ ግሎመስ ኢንትራራዲሰስ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጥድንና ባሕር ዛፍን የመሳሰሉ ዛፎች ሥራቸውን ከውጭ እንደ ካልሲ ከሚሸፍን ሌላ ዓይነት ማይኮራይዛ ጋርም ይጣመራሉ። ፒሶሊተስና ራይዞፖገን የተባሉት የዚህ ወገን ናቸው። ማሸጊያው ረጅም የዝርያ ዝርዝር ይዞ ከነዚህ ስሞች ብዙዎቹ በውስጡ ካሉ፣ ለአትክልቱ ምንም የማይሠራ ነገር እየተከፈለበት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሮጅን በውሃ በቀላሉ አይጓዝም፤ ከብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ሥር በአካባቢው ያለውን ሲመጥ፣ በዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተራቆተ ቀለበት ይፈጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ፎስፈረስ ቢኖርም ተክሉ አይደርስበትም። ከሥር ፀጉር በብዙ የቀጠኑት የፈንገሱ ክሮች ቀለበቱን አልፈው ብዙ ሴንቲ ሜትር ይዘረጋሉ፣ ሥር ወደማይገባበት የአፈር ቀዳዳም ዘልቀው ፎስፈረሱን ያመላልሳሉ። ዚንክና መዳብም በዚሁ መንገድ ይመጣሉ፤ ክሮቹ የአፈር ቅንጣቶችን አያይዘው ስለሚይዙ የአፈሩ ቅርጽና ውሃ የመያዝ ችሎታው ይሻሻላል። ተክሉ በምላሹ በፎቶሲንተሲስ ካዘጋጀው ምግብ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለፈንገሱ ይሰጣል።

ይህ ክፍያ መታወስ አለበት፤ ምክንያቱም የማይኮራይዛ ጥቅም ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚነግረን እርሱ ነው። ተክሉ ፎስፈረስ ሲጎድለው ስትራይጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ከሥሩ ወደ አፈር ያወጣል፤ ይህ ንጥረ ነገር የፈንገሱ ክር ቅርንጫፍ እንዲያወጣ የሚያደርግ ጥሪ መሆኑን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል። አፈሩ በፎስፈረስ ከጠገበ ጥሪው ይቀንሳል፣ የገባውም ፈንገስ ይመናመናል። ለዓመታት ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ወይም ብዙ የዶሮ ኩስ ሲበተንበት በኖረ መደብ ላይ የሚጨመር ማይኮራይዛ ውጤት የማያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች ከሚመክሯቸው ነገሮች ሁሉ በእኔ ግምት ከፍተኛውን ገንዘብ የሚያድነው የአፈር ምርመራ ነው፤ ፎስፈረስ ከፍተኛ መሆኑ ከታወቀ የማይኮራይዛ ጉዳይ እዚያው ያበቃል።

ማይኮራይዛ መግዛት የሚያዋጣው ፈንገሱ ከአፈሩ የጠፋበት ወይም የሳሳበት ምክንያት ሲኖር ነው። በእንፋሎት ወይም በኬሚካል የታከመ አፈር፣ ከድንጋይና ከኮኮናት ቃጫ የተዘጋጀ የችግኝ ድብልቅ፣ ላዩ ተገፎ የተወሰደ መሬት፣ ለረጅም ጊዜ ያለ ተክል ባዶውን የቆየ ማሳ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ፣ ለብዙ ወራት ባዶ ከተተወ መሬት በኋላ የሚዘሩ ሰብሎች በፎስፈረስና በዚንክ እጥረት እየቀጨጩ ገበሬዎችን ሲያስቸግሩ፣ ምክንያቱ ፈንገሱ አስተናጋጅ አጥቶ መመናመኑ ሆኖ ተገኝቷል። ፈንገሱ ሕይወት ካለው ሥር ውጭ ራሱን መመገብ ስለማይችል፣ ከጎመን ወይም ከቀይ ሥር በኋላ ወዲያው ሽንኩርት ሲተከልም ተመሳሳይ ጉድለት በመጠኑ ሊታይ ይችላል።

አጨማመሩ ላይ ስህተት የሚሠራው ብዙ ሰው ነው። ዱቄቱን በመደቡ ላይ በትኖ ውሃ ማጠጣት አብዛኛውን ያባክነዋል፤ ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግለው የፈንገሱ ቅንጣት፣ ሥሩን በቀጥታ መንካት ወይም በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ መገኘት ይኖርበታል። ከሁሉ የሚሻለው ዘሩ ሲዘራ ከችግኝ አፈሩ ጋር መደባለቅ ነው፤ ካልሆነ ችግኙ ሲዛወር በጉድጓዱ ውስጥ ከሥሩ ሥር ማድረግ ይቻላል። በሥሩ ውስጥ በወጉ እስኪሰፍር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ፣ በተለይ ብርሃን ሲያንስ፣ ችግኙ ከሌሎቹ በጥቂቱ ሊያንስ ይችላል፤ ክፍያው ከገቢው የሚቀድምበት ወቅት ስለሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም። በዕድሜ አጭር ለሆኑት፣ ለምሳሌ በ5 ሳምንት ለሚቆረጥ ሰላጣ፣ ጥቅሙ ሳይደርስ ሰብሉ ይነሣል።

ትራይኮደርማ፦ የችግኝ ጠባቂ

ትራይኮደርማ ከማይኮራይዛ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ብቻ እንደ ዘመድ ይታያል። እርሱ ግን ያለ ሥርም በበሰበሰ እንጨት፣ በኮምፖስትና በአፈር ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚኖር፣ በተመቸው ቦታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ ሆኖ ተነሥቶ አረንጓዴ ዱቄት የሚያለብስ ፈጣን ሻጋታ ነው። በጥራጥሬ ላይ በቀላሉ ስለሚባዛ፣ የሚያድገው በሕያው ሥር ላይ ብቻ ከሆነው ከማይኮራይዛ ይልቅ ለማምረት ይቀላል።

ዋና ሥራው ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዋይንድሊንግ የተባለ ተመራማሪ የትራይኮደርማ ክር የችግኝ አበስባሽ በሆነው በራይዞክቶኒያ ክር ላይ ተጠምጥሞ ሲበላው አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ በዘር መደብ ላይ ያለው ዋጋ እየታወቀ መጣ። የሌላውን ፈንገስ ግድግዳ የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያወጣል፣ ምግብና ቦታ ይሻማዋል፣ ሥሩን በመንካቱም ተክሉ የራሱን መከላከያ ቀድሞ እንዲያነቃ ያደርጋል። ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያና ፉዛሪየም የተባሉት በሽታ አምጪዎች በሚያስቸግሩባቸው የችግኝ ሳጥኖች ውስጥ ጥቅሙ ከሁሉ ይበልጥ ይታያል።

እድገትንስ በቀጥታ ይጨምራል? አንዳንድ ንዑስ ዝርያዎች የሥር ቅርንጫፍን የሚያበዛ የእድገት ሆርሞን ያመነጫሉ፣ በአፈር ውስጥ ያሉ ማዕድናትንም በመጠኑ ያሟሟሉ። ይሁን እንጂ ዘሩ ትኩስ፣ እርጥበቱና ሙቀቱም ተስማሚ ሲሆኑ በታከመና ባልታከመ ዘር መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው፤ ዘሩ ያረጀ ወይም አፈሩ ጨውና ድርቀት ያለበት ሲሆን ግን ይጎላል። በደንብ በተያዘ መደብ ላይ ከትራይኮደርማ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ችግኙ በየወቅቱ አንገቱ ላይ እየበሰበሰ የሚወድቅበት ሰው ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ዘር ያየዋል።

«ትራይኮደርማ» የሚለው ስም ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም። ሃርዚያነም፣ አስፔሬለም፣ ቪሪደና ቪረንስ የተባሉት ዝርያዎች በተለያየ ሙቀትና በተለያየ ጠላት ላይ የተለያየ ብርታት አላቸው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥም ንዑስ ዝርያው ለውጥ ያመጣል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ ሁለት ንዑስ ዝርያዎችን በማዋሃድ የተገኘው ቲ-22 በሰፊው የታወቀው፣ በሥሩ ላይ ከሥሩ እድገት ጋር አብሮ እየሄደ ስለሚሰፍር ነው። ንዑስ ዝርያውን በስም ወይም በቁጥር የሚገልጽ ማሸጊያ ከማይገልጸው ይመረጣል።

አብዛኞቹ ትራይኮደርማዎች ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀትና በመጠኑ ኮምጣጣ በሆነ አፈር ውስጥ ይፋጠናሉ። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ፣ በተለይ ከ10 ዲግሪ በታች፣ ብዙዎቹ ይተኛሉ፤ ዘር አበስባሹ ፒቲየም ግን በብርድና በረግረግ ይበረታል። ስለዚህ ለቀዝቃዛ ወቅት የሚገዛ ሰው በብርድ የሚሠራ ንዑስ ዝርያ መሆኑን ሳያረጋግጥ መግዛት የለበትም።

ዘርን በዱቄቱ ለመለወስ በብዛት የሚመከረው ለ1 ኪሎ ግራም ዘር ከ4 እስከ 10 ግራም ነው። ለመደብ ደግሞ 1 ኪሎ ግራሙን ከ100 ኪሎ ግራም በደንብ ከበሰለና ከረጠበ ኮምፖስት ጋር ደባልቆ፣ በጥላ ሥር ሸፍኖ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ማቆየትና በየጊዜው ማገላበጥ የተለመደ ነው፤ ፈንገሱ በዚያ ተባዝቶ ወደ መደቡ ይገባል። የማሸጊያው መመሪያ የተለየ መጠን ካዘዘ እርሱን መከተል ይገባል። ትራይኮደርማ የታመመን ተክል አያድንም፤ ጠላቱ ከመድረሱ በፊት ቦታውን መያዝ አለበት። በአካባቢው የሚበላ እንጉዳይ የሚያመርት ሰው ካለ ደግሞ ከምርት ቤቱ ማራቅ ያስፈልጋል፤ የዚህ ወገን ፈንገሶች የእንጉዳይ እርሻ ታዋቂ ጠላቶች ናቸውና።

ለተለየ ችግር የሚጠሩት

ከሁለቱ ውጭ ያሉት ለሁሉም ማሳ የሚሆኑ ባይሆኑም፣ በቦታቸው ሲገኙ የሚተካቸው የለም።

ሰረንዲፒታ ኢንዲካ በሕንድ የታር በረሃ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የተገለጸ ሲሆን፣ ቀድሞ ፒሪፎርሞስፖራ ኢንዲካ ይባል ነበር። ሥር ውስጥ ገብቶ የሚረዳ ሆኖ ሳለ እንደ ማይኮራይዛ በሕያው ሥር ላይ ብቻ ስላልተወሰነ በብልቃጥ ይባዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጎመን ቤተሰብን ይቀበላል። ለጎመን አምራች በሐሳብ ደረጃ ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ነው፤ የሚያሳዝነው በገበያ ላይ እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው።

ፔኒሲሊየም ቢላያ ሲትሪክና ኦክሳሊክ አሲድ በማውጣት ከካልሲየም ጋር የተጣበቀን ፎስፈረስ ያሟሟል። ካናዳ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ለሰብል ሲሸጥ ኖሯል። ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ሊታሰብ ይችላል፤ ፎስፈረሱን ግን ያሟሟል እንጂ ከሩቅ አያመጣም።

የሥር ኔማቶድ (ሥርን የሚያጠቃ ደቃቅ ትል) ላስቸገረው መደብ ፐርፑሪዮሲሊየም ሊላሲነም አለ። ይህ ፈንገስ የኔማቶዱን እንቁላል ሰርስሮ ገብቶ ይበላል። ከመግዛት በፊት የተነቀለውን ሥር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፦ በኔማቶድ ያበጠ ሥር እብጠቱ ከሥሩ ጋር አንድ አካል ሆኖ በጣት ሲገፋ አይለቅም፤ በፎሶሊያና በአተር ላይ የሚታዩት ናይትሮጅን የሚያዘጋጁ ጠቃሚ አንጓዎች ግን ከጎን የተለጠፉ ስለሆኑ በቀላሉ ይረግፋሉ። ጠቃሚውን አንጓ እንደ በሽታ ቆጥሮ መድኃኒት የሚገዛ ሰው እንዳይኖር ነው ይህን ማንሳቴ።

ሜታራይዚየምና ቦቬሪያ ነፍሳትን የሚገድሉ ፈንገሶች ሲሆኑ በሥርና በግንድ ውስጥም ይኖራሉ። ሜታራይዚየም ከገደለው ነፍሳት ያገኘውን ናይትሮጅን ለፎሶሊያ ሥር እንደሚያስተላልፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ታይቷል። ነገሩ ለሚያስብ ሰው እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን በአፈር ውስጥ ያለ ትል ወይም እጭ ለማጥቃት እንጂ ለእድገት ብቻ ተብሎ የሚገዛ አይደለም።

ሁለቱን ማጣመርና ከኬሚካል ጋር ማስማማት

ማይኮራይዛንና ትራይኮደርማን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የለውም። በብዙ ሙከራ ተደጋግፈው ታይተዋል፤ በሌሎች ደግሞ ጠንከር ያለ የትራይኮደርማ ንዑስ ዝርያ የማይኮራይዛውን ክር ራሱን ሲያጠቃ ታይቷል። ዘገምተኛውን ማስቀደም የተሻለ ጥንቃቄ ነው፤ ማይኮራይዛው በዘር ጊዜ ከችግኝ አፈሩ ጋር ይገባና ሥር ውስጥ ከሰፈረ በኋላ፣ ችግኙ ሊዛወር ሲል ትራይኮደርማው ይከተላል። ችግኙ ቀድሞ የሚያልቀው በመበስበስ ከሆነ ግን ትራይኮደርማን ማስቀደም ይገባል፤ የሞተ ችግኝ ማይኮራይዛ አያስፈልገውምና።

ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል ጠላትና ወዳጅ ሁልጊዜ አይለይም። ካርበንዳዚምና ቤኖሚል ሁለቱንም ክፉኛ ይጎዳሉ፤ ተመራማሪዎች ማይኮራይዛ የሌለበት ማነጻጸሪያ መሬት ሲፈልጉ ቤኖሚልን የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። ተደጋግሞ የሚረጭ መዳብም በአፈር ውስጥ ተከማችቶ ይጫናቸዋል። ሜታላክሲል ግን እንደ ፒቲየም ባሉ፣ በመልክ ፈንገስ መስለው በዘር ግን ከፈንገስ በራቁ ፍጥረታት ላይ የሚያነጣጥር ስለሆነ ማይኮራይዛውን ብዙ አይነካም። በኬሚካል የተለወሰ ዘር የገዛ ሰው ፈንገሱን በዘሩ ላይ ሳይሆን ችግኙ ሲዛወር ቢጨምር ይሻላል።

ማሸጊያውን ማንበብ

በበርካታ አገሮች የማይኮራይዛ ምርቶች ሲፈተሹ ሥር ውስጥ አንድም ፈንገስ ያላሰፈሩ ብዙዎች ተገኝተዋል። ይህ ሁሉንም ለመጣል ምክንያት ባይሆንም፣ ማሸጊያውን ሳያነቡ ላለመግዛት ግን ምክንያት ነው።

በማይኮራይዛ ላይ የሚፈለገው ቁጥር በ1 ግራም ውስጥ ያለው ሕያው የማባዣ ቅንጣት ነው። ዋጋ የሚነጻጸረው በኪሎ ግራም ሳይሆን ለአንድ ችግኝ በሚደርሰው ቅንጣት ነው፦ በግራም 10 ቅንጣት ያለው ምርት በችግኝ 5 ግራም ቢጨመር 50 ቅንጣት ያደርሳል፤ በግራም 100 ያለው ግን 1 ግራሙ ብቻ 100 ያደርሳል። የመጀመሪያው በኪሎ ቢረክስም በችግኝ ሲሰላ ሊወደድ ይችላል። በትራይኮደርማ ላይ ቁጥሮቹ እጅግ ከፍ ያሉ ናቸው፤ በግራም ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ይጻፋል። የሁለቱን ቁጥሮች እርስ በርስ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ አንዱ በዓይነቱ ትልቅና ጥቂት፣ ሌላው ደቃቅና እልፍ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የምርት ቀን፣ የማብቂያ ቀንና የአቀማመጥ ትእዛዝ ነው። ፍጥረቶቹ ሕያው ስለሆኑ ፀሐይ ላይ በተሰጣ ወይም በሞቃት መኪና ውስጥ በሰነበተ ማሸጊያ ውስጥ ያለው ቁጥር ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። ማሸጊያው ውስጥ ማዳበሪያ፣ የባሕር አረም ወይም ሁሚክ አሲድ ከተደባለቀ፣ የታየው ልምላሜ ከፈንገሱ ይሁን ከድብልቁ መለየት ስለማይቻል፣ ለንጽጽር የሚሻለው ያልተደባለቀው ነው። ዱቄቱን ሲበትኑ አፍንጫና ዓይንን መሸፈን ይገባል፤ በተለይ ፐርፑሪዮሲሊየም አልፎ አልፎ የዓይን ሕመም ማስከተሉ ስለታወቀ፣ የዓይን ሌንስ የሚያደርጉና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ሥራውን ለሌላ ቢተዉ ይመረጣል።

ያለውን ማቆየት እንደ አንድ አማራጭ

በንጽጽሩ ውስጥ ዋጋ የማይጻፍበት አማራጭም አለ፤ እርሱም በአፈሩ ውስጥ ያለውን ፈንገስ አለመግደልና መመገብ ነው። በየወቅቱ አትክልት በተለዋወጠበት፣ ኮምፖስት በሚደርሰው፣ በጥልቀት ደጋግሞ ባልተገለበጠ መሬት ውስጥ ማይኮራይዛ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ አለ። በሰብል መካከል መሬቱን ባዶ ከመተው እንደ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ጥራጥሬ ያለ ሽፋን ሰብል ማብቀል፣ ከጎመን በኋላ እንዲህ ያለ አስተናጋጅ ማስገባት፣ አፈሩን ሳያስፈልግ አለመገልበጥ ክሮቹን በሕይወት ያቆያል። እንዲህ ላለ መሬት ማይኮራይዛ ከመግዛት ይልቅ ገንዘቡን ለአፈር ምርመራና ለጥሩ ዘር ብታውሉት የሚል ነው አቋሜ፤ ችግኝ ቤቱ ውስጥ ትራይኮደርማ መጠቀም ግን በዚያም ቦታ የሚያስኬድ ነው።

ማይኮራይዛን ራስ ማባዛትም ይቻላል። በማሰሮ ወይም በከረጢት ውስጥ አሸዋ፣ ጥቂት ኮምፖስትና ከጤነኛ ማሳ የተወሰደ አፈር ተደባልቆ በቆሎ ወይም ማሽላ ይዘራበታል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ካደገ በኋላ ውሃው ይቋረጥና ተክሉ ከላይ ይቆረጣል። ሥሩ ተከታትፎ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ለችግኝ የሚጨመር ይሆናል። አደጋው ከመነሻው አፈር ጋር በሽታና ኔማቶድ አብሮ መባዛቱ ነው፤ የተወሰደበት ማሳ ጤንነት ካልተረጋገጠ ይህን መንገድ መተው ይሻላል። ለቲማቲም ወይም ለቃሪያ የሚሆነውን በእነርሱው ዘመድ ሥር ላይ አለማባዛትም ከዚሁ ጥንቃቄ የሚመነጭ ነው።

በራስ መሬት ላይ መፈተን

ማንኛውም ምርት ሲገዛ ሁሉንም መደብ በአንድ ጊዜ ማከም ፍርዱን ያሳጣል፤ ያልታከመ ከሌለ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ አይቻልምና። ቢያንስ ሦስት የታከሙና ሦስት ያልታከሙ ፈሮችን እያፈራረቁ መትከል፣ ውሃውንና ማዳበሪያውን እኩል ማድረግ፣ ምርቱን በዓይን ሳይሆን በሚዛን መለካት ይገባል። ትራይኮደርማ ሲፈተን የሚቆጠረው ከተዘሩት ስንቱ ችግኝ ለመዛወር እንደደረሰ ነው፤ ማይኮራይዛ ሲፈተን ደግሞ ከተዛወሩ ከ6 ሳምንት በኋላ የሚታየው የተክሉ ክብደትና በመጨረሻ የሚሰበሰበው ምርት።

ላቦራቶሪ በአቅራቢያ ካለ ከሁለቱም ወገን ደቃቅ ሥሮች ተወስደው ቢታዩ ጥሩ ነው። ሥሩን በአልካሊ ቀቅሎ ካነጡ በኋላ ተራ የጽሕፈት ቀለም ባለበት ኮምጣጤ ማቅለም እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ የታወቀ ቀላል ዘዴ ሲሆን፣ በማይክሮስኮፕ ሥር የፈንገሱ ክርና ዛፍ መሰሉ ቅርንጫፍ ቀለም ይዞ ይታያል። በታከመው ሥር ውስጥ ካልታየ ምርቱ ሞቷል ወይም አጨማመሩ ተሳስቷል። በታከመውም ባልታከመውም ሥር ውስጥ እኩል ከታየ ደግሞ የመሬቱ የራሱ ፈንገስ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ወቅት ማሸጊያው አያስፈልግም።